ዘጠኝ ተኩል

በዚህ ሚኒባስ ላይ፣ አሥራ አራት ዓመት፣
መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በር የሚዘጋው ረዳት።
«ሳበው!» ሲለኝ፣ ጎኑን ቸብ ሲያደርገው፣
የኔ ሥራ ማርሽ አስገብቶ ወደፊት መሄድ ነው።

ዘንድሮ ጳጉሜን ላይ ታሪፉን ረስቼ፣
የኋላ ወንበሮቹን ብሎን ፈትቼ አውጥቼ፣
ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍኩ፤ አስናቁ መጋረጃ ሰፋች፣
ቡታጋዝ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ጫነች።
«ቤታችን ጎማ አወጣ!» አለ ዳግም።
ረዳቱን ግን ዕረፍት ሰጥቼው ነበር፤ ያን አላሰብኩም።

ናርዶስ በመስኮት እጇን ልካ ነፋስ ትዳብሳለች፤
ስቆጣት በመስታወቱ አይታኝ ትስቃለች።
ስንት ጊዜ ጮህኩ! ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣
ከደጀን እስከ ሉማሜ፣ «እጅሽን፣ አንቺ ልጅ፣ እጅሽን!»

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ፣
መንገድ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ ጭሱ አስፋልቱን ሞልቶ።
አራት ገዛን። አስናቁ ሒሳብ ከፍላ ገባች፣
ናርዶስ እሸቷን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀመጠች።
ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል። ሳይመሽ ቡሬ ልገባ ቸኮልኩ።
ዞሬ መጣሁ፣ እጀታውን ያዝኩ፣
እንደ ረዳቱ፣ ባንድ ትንፋሽ፣
ሳብኩ።

ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም።
ብረት ብረትን ሲያገኝ «ጓ!» ይላል፤ ይሄ አላለም።
መሃል ላይ የሆነ ለስላሳ ነገር አለ፣
ከዚያ ዝም። ከዚያ እሪታ። በቆሎው ጭቃው ላይ ተንከባለለ።

ሌባ ጣቷ ነው።
አስናቁ የሰፋችውን መጋረጃ በጥርሷ ቦጭቃ ጠቀለለችው።
አልጮኸችብኝም። አየችኝ እንጂ፣ አንድ ጊዜ፤
ከሺህ ስድብ ይከብድ ነበር የዚያ ዓይን ትካዜ።

በቆሎ ጠባሿ እናኑ (ስሟን ኋላ ነው የሰማሁ)
እሳቷን ጥላ ዘላ ገባች፤ «ሆስፒታሉን አሳያችኋለሁ!»
በበሩ ብቅ ብላ ባጃጁን ሁሉ «ዞር በል!» እያለች፣
ለዚያች አጭር መንገድ ረዳቴ እሷ ሆነች።

መሪው እጄ ላይ ያዳልጣል፤ ላብ ይሁን ደም፣ አላውቅ።
ከኋላዬ ዳግም፣ ያ ለፍላፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጨነቅ፦
«ናርዲ፣ ላሞቹን ቁጠሪ። ነጭ፣ አንድ። ጥቁር፣ ሁለት።»
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ማን አስተማረው ይሄን አባትነት?

«ማነው በሩን የዘጋው?» አለ ነርሱ፣ ካርድ እየሞላ።
ምላሴ ከላንቃዬ አልላቀቅ አለ፣ እንደ ሙጫ፣ እንደ ሰም ቀልጦ እንደረጋ።
«በሩ ራሱ ነው» አለች ናርዶስ፣ እንባዋን ውጣ፣ ልትሸፍነኝ።
ስድስት ዓመት ሙሉ የምሸፍናት እኔ መስሎኝ!
«እኔ ነኝ» አልኩ። ነርሱ ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።
አራት ስፌት። አጥንቱ ደህና ነው። ጣቷ ተረፈ።

ሌሊቱን እዚያው ግቢ፣ ዋንዛው ሥር፣ መኪናችን ውስጥ አደርን፤
ዝናብ ጣራውን ይደበድባል፤ አራታችን ባንድ ፍራሽ፣ ጎን ለጎን።
«እጇን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት» ተብለናል፤ ያዝኩት እስኪነጋ።
ክንዴ ሲዝል ደስ አለኝ፤ የከፈልኩ መሰለኝ ዋጋ።
አስናቁ በጨለማ እጇን ልካ ክርኔን ደገፈችው።
ይቅርታ ይሁን ድጋፍ፣ አልጠየቅኩም፤ እሷም አልፈታችው።

ጠዋት እናኑ መጣች፤ ትኩስ በቆሎ በፌስታል።
«ያንተን አልቆጥርብህም፣ የኔ የትናንቱ ሁሉ አሯል።»

ወደ ባሕር ዳር ይሁን ወደ ቤት፣ ገና አልወሰንንም።
በሩ ፊት ቆምኩ። እጄ እጀታውን አልነካም።
ናርዶስ ከውስጥ ሁለት እጆቿን አነሳች፣ አንዱ በፋሻ።

«ቁጠር» አለችኝ።
ቆጠርኩ።
«ስንት?»
«አሥር።»
«ተሳሳትክ፤ ዘጠኝ ተኩል ነው።»
እና በደህናው እጇ የመኪናውን ጎን ቸብ አድርጋ፦
«ሳበው!»